በኢጣልያውያን አማቶች ቤት ስለሚገኝ የእንግዳ ፍቅር
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)

ሙሴ ኢትዮጵያይቱን ሴት ባገባ ጊዜ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ስለ እርስዋ እንዳሙት በኦሪት ዘኍልቍ ተጽፎ ይገኛል። እግዚአብሔርም ሐሜታቸውን ሰምቶ ተቈጣ፤ ማርያምም በለምጽ ተመትታ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ሰነበተች። ይህን ታሪክ ያልሰማ የለም። ነገር ግን ሲተረክ ስለ ሙሴ ክብር ይነገራል እንጂ፥ በዚያ ድንኳን ውስጥ በባልዋ ዘመዶች መካከል ስለ ተቀመጠችው ስለ ባዕዲቱ ሴት የሚያስብ ጥቂት ነው። የዛሬው ነገር ስለ እርስዋና እርስዋን ስለ መሰሉት ነው።

ከጎባ፥ ከሮቤና ከባሌ ደጋ የተወለዱ ልጆች ዛሬ በብዙ አገር ተበትነዋል። በተለይም ከ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴቶች ወደ ኢጣልያ ሄደው በሮማ፥ በሚላኖና በሌላውም ከተማ ሽማግሌ እየጦሩና ሕፃን እያሳደጉ ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል የዚያን አገር ሰው አግብተው፥ ከባላቸው እናትና አባት ጋራ ባንድ ቤት ወይም ባንድ ደረጃ ተቀምጠው የሚኖሩ አሉ። ባዕድ አገር የገባች ምራት የምትፈራው የታወቀ ነው፤ ቋንቋውን፥ ምግቡን፥ የሰዉን ዓይን ትፈራለች። ለኢትዮጵያዊት ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሌላ ፍርሃት አለ፤ የገባችበት ቤት የኢጣልያ ቤት ነውና።

ይህ ጋብቻ አንድ ጊዜ ወንጀል ነበር። የፋሽስት መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ አንድ ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲፈረድበት አዘዘ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. ጋብቻውን ራሱን ከለከለ። በግንቦት 1932 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያዊው አባት ከእንዲህ ያለች እናት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። የመጀመሪያው ሕግ በወጣ በወሩ፥ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፥ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። ሰውን በጥይት የሚገድለው እጅና ሰውን ከማዕድ የሚለየው ብዕር የአንድ መንግሥት ነበሩ። ይህንም የጻፉት ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሙሴን ታሪክ የተማሩ ክርስቲያኖች መሆናቸው ያስደንቃል።

እንግዲህ ከጎባ የሄደችው ሙሽራ እሑድ ቀን ባማትዋ ገበታ በተቀመጠች ጊዜ፥ ያ ሕግ ሊከለክለው የፈለገው ነገር እርሱ ራሱ ተፈጸመ ማለት ነው።

የሚያገኛትስ ምንድን ነው? አሮጊቲቱ ማልዳ ተነሥታ ዱቄቱንና እንቍላሉን ለውሳ፥ ሊጡን በረዥም እንጨት ዳምጣ፥ በቢላዋ ቀጭን ቀጭን አድርጋ ትቈርጠዋለች። ሥጋውም በቲማቲም ወጥ ከጥዋት ጀምሮ ይንተከተካል። ገበታው ሲቀርብ መጀመሪያ የሚሞላው የምራቲቱ ሳሕን ነው። በልታም «ይበቃኛል» ብትል፥ አሮጊቲቱ «ማንጃ፥ ማንጃ» እያለች ትጨምርላታለች፤ ይኸውም «ብዪ፥ ብዪ» ማለት ነው። የእኛ እናቶች «በሞቴ» እያሉ እንደሚያጐርሱት ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሁለቱም እናቶች የእንግዳን «ጠገብሁ» አያምኑም። ከምሳም በኋላ ሞካ በሚሉት ትንሽ ጀበና ቡና ይፈላል። ስሙ ከየመን ወደብ ከሞካ የመጣ ነው፤ ቡና በዚያ ወደብ ይጫን ነበርና። ምራቲቱ ከቤትዋ ስትመለስ የሐረና ጫካ ቡና ይዛላቸው የሄደች እንደ ሆነ፥ አሮጊቲቱ ከረጢቱን ከፍታ ደጋግማ ታሸታለች፤ ጎረቤትም ጠርታ ታሳያለች።

ስለ አጠራር ግን ችግር አለ። በባሌ ኦሮሞ ዘንድ በቀደመው ልማድ ምራት የባልዋን አባት ስም አትጠራም፤ ሌላ ሰው በዚያ ስም ቢጠራ እንኳ ዘወር አድርጋ በሌላ ቃል ትናገራለች። በአማራውም ዘንድ አማት «አንቱ» ይባላል። ኢጣልያውያን ሽማግሌዎች ግን ምራታቸው በስማቸው እንድትጠራቸው፥ «ቱ» እንድትላቸውም ይለምንዋታል፤ «ቱ» በቋንቋቸው «አንተ» ማለት ነው። በእርስዋ ጆሮ ይህ ድፍረት ነው፤ በእነርሱ ጆሮ «አንቱ» ማለትዋ ርቀት ነው። (አንዱ ሕዝብ የሚያከብርበት ፊደል ሌላው የሚያቀርብበት መሆኑ የሚያስቅ ነው።) በመጨረሻም አብዛኛዎቹ ምራቶች መካከለኛውን መንገድ ያገኛሉ፤ «ማማ»፥ «ባቦ» ይላሉ፤ ይኸውም እናቴ፥ አባቴ ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ደስ ይላቸዋል።

በጾምም ጊዜ እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎቹ ካቶሊካውያን ናቸውና ዓርብ ዓርብ ሥጋ አለመብላትን ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ ወተትና እንቍላል የማይበላበትን ዓቢይ ጾም ግን አያውቁትም። አማትየዋ መጀመሪያ «ታምሚያለሽ» ብላ ትቈጣለች። ሲቈይ ግን በጾሙ ሰሞን ሊጡን ያለ እንቍላል በውኃ ትለውሳለች፤ ምስሩንና ሽንብራውን በወይራ ዘይት ትሠራለች። ልደትም በእነርሱ ዘንድ ታኅሣሥ 16፥ በእኛ ዘንድ ታኅሣሥ 29 ስለ ሆነ፥ ገበታው በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ይዘረጋል። የጌታችንን ወደ ስምዖን ጴጥሮስ ቤት መግባት ያነበበ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ የጴጥሮስ አማት ከንዳዱ እንደ ተፈወሰች ወዲያው ተነሥታ አገለገለቻቸው ይላልና። በዚያ ምዕራፍ አንዲት አሮጊት በአማችዋ ቤት ምን ያህል እንደምትተጋ ይታያል።

ይሁን እንጂ የካቲት 12 ቀን ይመጣል። ምራቲቱ በዚያ ቀን ሻማ ብታበራ ሽማግሌው «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዛሬው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ጦርነቱ ሲያልቅ የተወለደ ነውና አልዘመተም፤ ነገር ግን አባቱ ወይም አጎቱ ዘምቶ፥ በሣጥን ውስጥ የአፍሪካ ፎቶግራፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በትምህርት ቤትም ስለዚህ ነገር እጅግ ጥቂት ተምሯል። የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ላይ መጣሉን የኢጣልያ መንግሥት ራሱ በግልጥ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንፃ ቆሞለታል። ስለዚህ ምራቲቱ ብትናገር የቤቱን ፍቅር እንዳታደፈርስ ትፈራለች፤ ዝም ብትል የአያቶችዋን ደም እንዳትክድ ትፈራለች።

የአማት ደግነት የደም ካሣ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ነገር ግን ስለ ደሙ ተብሎ የአሮጊቲቱን ሳሕን መግፋትም ፍርድ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ እንዲረሳ ግን አላዘዙም። በዚያም ዘመን የአገራቸው ሕግ የከለከላቸውን ቤተሰብ መርጠው በኢትዮጵያ የቀሩ፥ በዚሁም አርጅተው የተቀበሩ ኢጣልያውያን ነበሩ። እንግዲህ እውነተኛውን ነገር ለአማትዋ የምትነግር ምራት አማትዋን አላዋረደችም፤ እንደ ቤተሰብ ቈጠረቻት እንጂ። ለባዕድ ሰው ኀዘንን ማን ይነግራል?

ከሁሉም የሚያምረው ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንግዳ ሆነው የመጡ ጊዜ ነው። ከሻሸመኔ በዶዶላ፥ በአዳባና በዲንሾ አድርገው ሮቤ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ጎባ ይወጣሉ። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና አፍሪካ ሁሉ ሙቀት የመሰላቸው እነዚህ ሰዎች ጋቢ ተደርቦላቸው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። የገብሱ ጭኮ በቅቤ ርሶ ይቀርባል፤ ማሩና እርጎውም ይከተላል። አሮጊቲቱ «ይበቃኛል» ትላለች፤ የሙሽራዪቱ እናት ግን አታምናትም። ያን ጊዜ ምራቲቱ ትስቃለች።

ሁለቱ አባቶች ግን ቋንቋ የላቸውም። የሙሽራዪቱ አባት ዕድሜውን በመኪና ሥራ የፈጸመ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ግን መላ ይገኛል። አንዱ «ጎማ» ሲል ሌላው «ጎማ» ይላል፤ «ካምቢዮ»፥ «ባሌስትራ»፥ «ካቻቪቴ» እያሉ ይቀጥላሉ። እነዚህ ቃላት ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸውና ሁለቱም በየራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩ ይመስላቸዋል። አቦሉ ተጠጥቶ፥ ቶናው ተጠጥቶ፥ በረካው እስኪቀርብ ድረስ መኪናውን በቃል ብቻ ፈትተው መልሰው ይገጥሙታል።