የዓሣ ቀለም ከመኖው

ዳንግላ ገበያ እንቁላል የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «የሐበሻ ነው?» ይላል። የሐበሻ ዶሮ ሣር ቅጠሉን ስትጭር ውላ ስለምትገባ አስኳሏ ወርቅ ይመስላል። ነጭ እህል ብቻ እየቀለቡ ቢያስሯት ግን የእሷም አስኳል መገርጣቱ አይቀርም። የዓሣም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህ ቢጫና ቀይ ቀለም ካሮቲኖይድ ይባላል። ዕፅዋትና አልጌ ይሠሩታል፤ ዶሮና ዓሣ ግን በልተው ካልሆነ አያገኙትም። ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ የሚሰፍረው ፍላሚንጎ እንኳ ሮዝ የሚሆነው ስፒሩሊና የተባለውን አልጌ እየለቀመ ነው።

ሳልሞን የተባለውን ዓሣ የሚያቀላው ካሮቲኖይድ አስታዛንቲን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሪቻርድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1938 ከሎብስተር ለይቶ አወጣው። በካሮቲኖይድና በቫይታሚን ጥናቱ የዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ቢሰጠውም የናዚ መንግሥት እንዳይቀበል ስለከለከለው ሜዳሊያው እጁ የገባው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ቀለሙ የንግድ ጉዳይ የሆነው ሳልሞን ማርባት ሲስፋፋ ነው። የባሕሩ ሳልሞን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታትን እየበላ ይቀላል፤ የሚረባው ቀለም የሌለው መኖ ከበላ ሥጋው ግራጫ ይሆናል። ግራጫ ሳልሞን ደግሞ ገዢ የለውም! ስለዚህ አስታዛንቲን በፋብሪካ እየተሠራ መኖው ውስጥ ይገባል፤ አርቢውም በቁጥር የተደረደረ የቀለም ማራገቢያ ከሥጋው ጎን ዘርግቶ ያመሳክራል። አማራጩ ካንታዛንቲን ሲበዛ በሰው ዓይን ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ኪሎ የሳልሞን መኖ ውስጥ ከ25 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ።

ታዲያ ይህ ዳንግላ ላለችበት ለአዊ ዞን ምኑ ነው? የአገራችን አርቢ የሚያውቀው ቆሮሶ እንደ ሳልሞን ቀለሙን ሥጋው ውስጥ አያከማችም፤ ምንም ቢበላ ሥጋው ነጭ ነው። ለእሱ የቀለም መኖ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ደግሞም ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የአዊዋ ኢንጅባራ ብርዷ ይከብደዋል።

ብርድ የሚስማማው ትራውት ነው። ከኬንያ መጥቶ የባሌ ወንዞችን ከለመደ ቆይቷል። የሳልሞን ዘመድ ነውና የእሱ ሥጋ በመኖ ይቀላል። የበርበሬ ቀይ ቀለምም ከካሮቲኖይድ ወገን ነው፤ በትራውት ሥጋ ላይ ግን የአስታዛንቲንን ያህል አይዝም።

ገበያ ላይ ዓሣ የሚመርጥ ሰው ግን ትኩስነቱን ለማወቅ የሥጋውን ቀለም ትቶ ስንጥቡን ገልጦ ይይ። የስንጥብ ቅላት ከደም እንጂ ከመኖ አይደለም፤ ዓሣው ሲያድር ቅላቱ ይደበዝዛል።