ቀጠሮው የት ገባ? የኮምፒዩተር የቀን መቁጠሪያን ስለ ማስተካከል
(በጋን ያቭኔ ለአዲስ ገቢዎች ከተሰጠ ማብራሪያ)



ከጋን ያቭኔ ብቻ ሳይሆን ከገዴራ፣ ከያቭኔና ከኪሪያት መላኺ የመጣችሁም እንዳላችሁ አያለሁ። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተራችሁ የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ የሚገኘው የቀን መቁጠሪያ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ልዩ ሐኪም ዘንድ መታየት፣ ለሥራ መፈተን፣ በቢቱዋሕ ሌኡሚ ጉዳይ ማስፈጸም ሁሉ በቶር፣ ማለት በቀጠሮ ነው። ቀጠሮውም አብዛኛውን ጊዜ በኢሜይል ይላካል። ወራት የተጠበቀ የሐኪም ተራ በአንድ ሰዓት መዘግየት ሊያልፍ ይችላል። የዘገየው ሰው «ኮምፒዩተሬ ነው ያሳሳተኝ» ቢል ሰሚ አያገኝም።

በመጀመሪያ አንድ የዕብራይስጥ ቃል አጥኑ፤ ብሪራት ሜሕዳል። ባለቤቱ ምንም ሳይመርጥ ሲቀር ፕሮግራሙ ራሱ የሚይዘው ምርጫ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሰንበት ቀናችሁ መቼ እንደሆነና ጠዋትን ከስንት እንደምትቆጥሩ አያውቅም። የሚያውቀው ሲሠራ የተሞላለትን ብቻ ነው። እንግዲህ ብልሽት የሚመስለው ብዙው ነገር ብልሽት ሳይሆን ያልተነካ ብሪራት ሜሕዳል ነው።

ብዙ ሰው የሚያቀርበው ቅሬታ ይህ ነው፤ «ቀጠሮውን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፍኩ፣ ስልኬ ላይ ግን የለም»። ምክንያቱ አንድ ፕሮግራም ከአንድ በላይ የቀን መቁጠሪያ ሊይዝ መቻሉ ነው። አውትሉክ በተባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም የጂሜይል አድራሻ በአይማፕ መንገድ ሲገባ፣ ደብዳቤው ይመጣል፤ የቀን መቁጠሪያው ግን አብሮ አይመጣም። በስሙ አጠገብ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ የተጻፈውም እውነት ነው፣ በዚያ የገባ ቀጠሮ ከዚያ ኮምፒዩተር አይወጣም። ተንደርበርድም ሲጀመር የሚከፍተው የቀን መቁጠሪያ እንደዚሁ በኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ነው።

ከሥራ ቦታ የተሰጣችሁ ወይም የማይክሮሶፍት አድራሻ ካላችሁ፣ በነባሩ አውትሉክ ኮቬጽ የሚለውን፣ ቀጥሎ ሀግዳሮት ሔሽቦን፣ ከዚያም ኪቭጼ ኔቱኒም የሚለውን ክፈቱ። ከዝርዝሩ ያንን አድራሻ መርጣችሁ ብሪራት ሜሕዳል አድርጉት፤ ፕሮግራሙንም ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ይህን ማድረግ ከዚያ በኋላ የሚገቡትን ቀጠሮዎች ያስተካክላል እንጂ የቀድሞዎቹን አያዛውርም። እነርሱን በዝርዝር መልክ አሳይታችሁ፣ ሁሉንም መርጣችሁ ወደ አዲሱ መውሰድ ይኖርባችኋል። ያላችሁ ጂሜይል ብቻ ከሆነ ግን ከአውትሉክ ጋር ባትታገሉ ይሻላል፤ ቀጠሯችሁን በጉግል የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ፣ ወይም ያንኑ ከተንደርበርድ ጋር አያይዙት።

ሁለተኛው ችግር የሰዓት ክልል ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ነው፤ ሰባት ወር ያህል ተደብቆ ይኖራልና። ከኢትዮጵያ ይዛችሁት የመጣችሁት ኮምፒዩተር በናይሮቢ ክልል፣ ማለት ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት በሚቀድመው ላይ ሊሆን ይችላል። እስራኤል በ2013 በጸደቀው ደንብ መሠረት፣ ከመጋቢት (ማርች) የመጨረሻው እሑድ በፊት ካለው ዓርብ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ድረስ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ታስቀድማለች። በእነዚያ ወራት የአዲስ አበባና የኢየሩሳሌም ሰዓት አንድ ነው፤ ስለዚህ ምንም ስሕተት አይታይም። ክረምት ሲገባ፣ ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፣ እስራኤል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ኮምፒዩተራችሁ ግን በናይሮቢ ይቀራል። ያን ጊዜ ለ9:00 የተላከላችሁ ጥሪ በ10:00 ላይ ይቀመጣል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በእጁ ያዞራል። አታድርጉት። የግድግዳ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ይበቃ ነበር፤ እዚህ ግን ሰዓቱ ልክ መስሎ ይታይና ጥሪው አሁንም በ10:00 ይቀራል፣ እናንተም ተዝናንታችሁ አንድ ሰዓት ትዘገያላችሁ። የሚስተካከለው በዊንዶውስ የሰዓትና የቀን ማስተካከያ ውስጥ ኢየሩሳሌም የሚለውን ክልል በመምረጥ ነው። ይህን ስታደርጉ አስቀድማችሁ በእጃችሁ የጻፋችኋቸው የክረምት ቀጠሮዎች በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ከተላከላችሁ ወረቀት ወይም መልእክት ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ የእኛ አቆጣጠርም አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው እዚህ 9:00 ነው። ጸሐፊዋ በስልክ «በሻሎሽ» ብትላችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በኮምፒዩተር 15:00 ማለቷ ነው። 3:00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ማስታወሻው የሚጮኸው በሌሊት ነው። ቀጠሮውን ስትሰሙ በልባችሁ በእኛ ሰዓት ብትቆጥሩት ክፋት የለውም፤ ኮምፒዩተር ላይ ግን ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉት። በቀን ደግሞ አገሩ እስራኤል መባሉን አረጋግጡ፤ በአሜሪካ አጻጻፍ ወር ስለሚቀድም 05/03 የሚለው ማርች 5 መሆኑ ቀርቶ ሜይ 3 ይሆናል።

የሥራ ሳምንቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ፕሮግራም ከሰኞ እስከ ዓርብ ተሞልቶ ይመጣል፤ የሥራ ሳምንት ብቻ በሚያሳየው ገጽ ላይ እሑድ ጭራሽ አይታይም። እዚህ ግን እሑድ ዮም ሪሾን ነው፣ የሥራ መጀመሪያ። በኮቬጽ፣ በኤፍሻሩዮት፣ በሉአሕ ሻና ውስጥ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ምረጡ፤ በአዲሱ አውትሉክ ደግሞ የጥርስ መንኮራኩሩን ሥዕል በመጫን ይገኛል። የቀኖቹ ስም እንደሆነ ለእኛ አይከብድም። ረቡዕ ማለት በግዕዝ አራተኛ፣ ሐሙስ ማለት አምስተኛ ነው፤ ዮም ሬቪዒና ዮም ሐሚሺም ያው ናቸው። እዚያው ገጽ ላይ የማስታወሻውን ጊዜም ለውጡ። አውትሉክ የሚያስታውሰው ከ15 ደቂቃ በፊት ነው፤ ከጋን ያቭኔ ወደ ሬሖቮት ወይም ወደ አሽዶድ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?

ሽማግሌዎች የጠየቁኝን ሳልመልስ አላልፍም። ሲግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል፤ የሚከበረውም በሕሽዋን 29 ነው። ይህ ቀን በ2023 ኖቬምበር 13፣ በ2025 ደግሞ ኖቬምበር 20 ዋለ። በየዓመቱ ይደገም ብላችሁ በፈረንጅ ቀን ከያዛችሁት ይስታል። በሱዳን መንገድ ያለቁ ወገኖቻችን የሚታሰቡበት ኢያር 28 ቀንም በ2024 ጁን 5፣ በ2025 ሜይ 26 ነበር። በዕብራይስጥ ቀን የምትቆጥሩት የቤተሰብ መታሰቢያም እንዲሁ ይዞራል። በነባሩ አውትሉክ በሉአሕ ሻና ምርጫዎች ውስጥ ተለዋጭ የቀን መቁጠሪያ የሚል አለ፤ ቋንቋውን ዕብራይስጥ፣ ዓይነቱን የዕብራይስጥ ጨረቃ ብትሉት ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ይታያሉ። መታሰቢያዎቹን በሮሽ ሀሻና ሰሞን በየዓመቱ አዲስ አድርጋችሁ ጻፉ።

ልጆቻችሁ ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ሊሠሩላችሁ ይችላሉ፤ ይሥሩ። ነገር ግን ወላጅ የሐኪሙን ቀጠሮ በልጁ በኩል ብቻ ሲያውቅ ደግ አይደለም፣ ስለዚህ እጃችሁን ከቁልፉ አታርቁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ለነገ 9:00 ሙከራ የሚል ቀጠሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፉ፣ ጥቂት ጠብቃችሁም ስልካችሁን ክፈቱ። ቀጠሮው ከሌለ ወይም 8:00 ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩን ይዛችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ወደ እኔ ኑ።