ሦስት ፎቶ ምረጡ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኢቃማ አይደለም። ስልካችሁን አውጡና በደማምና በኾበር ባሕር ዳር ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ክፈቱ። ከእነርሱ ውስጥ ሦስት ብቻ ምረጡ።

ለምን ሦስት? ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ይወሰዳልም። የስንት ዓመት ኑሮ አብሮት ይሄዳል። ሦስት ፎቶ ግን ለምታምኑት ሰው ተልኮ ይቀመጣል፤ ፎቶ ቤት ታጥቦ አገር ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

አንደኛው እናንተ ያላችሁበት ይሁን። ቤተሰቡ ሲዝናና ስልኩን ይዛችሁ የምታነሱት እናንተ ስለሆናችሁ፣ የራሳችሁ መልክ ከብዙው ፎቶ ላይ የለም። ጓደኛችሁ ታንሳችሁ። ያማረውን ሳይሆን የዚያን ቀን ፊታችሁን የሚያሳየውን ያዙ።

ሁለተኛው ቦታው የሚለይበት ይሁን። ኾበር ላይ ባሕሩ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ የምትወጣው ከውኃው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተውና እስከ ባሕሬን የሚዘልቀው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ድልድይም አለ። ከኾበር በስተደቡብ፣ ኒስፍ አልቀመር በሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ የአሸዋው ኮረብታ እስከ ውኃው ድረስ ይወርዳል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ የአገር ቤት ልጅ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው ሌላ ሰው የማይመርጠው ይሁን፦ አንዲት የተምር ዛፍ፣ በታሩት በኩል ጨው ውኃ ውስጥ የበቀለ ማንግሮቭ፣ አግዳሚ ወንበር ሥር የተኛች ድመት። ለምን እንደወደዳችሁት እናንተ ካወቃችሁ ይበቃል።

ስትመርጡ ከኋላ ያለውንም እዩ። የማዳም ልጆች፣ የማታውቋቸው ሴቶች ወይም የቤቱ በር የሚታይበትን ተዉት፤ ለማንም አትላኩት። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ካሜራ ባለው ስልክ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን ወንጀል ያደርገዋል። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት፣ እስከ 500,000 ሪያል ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ባዶው ባሕር ግን ማንንም አያስከፋም።

በመጨረሻ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ቀኑን፣ ቦታውንና አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ፎቶ ብቻውን ሲደርስ እናት «ልጄ ደልቷታል» ትላለች፤ ጎረቤት ይጠራል፣ የሚጠየቀው ገንዘብም ይጨምራል። «በሁለት ወር አንድ ቀን ወጣሁ፤ ያቺ ቀን ይህች ናት» ብሎ መጻፍ ደስታችሁን አይቀንሰውም። ታናሽ እህታችሁ ያንን ባሕር አይታ ፓስፖርት ለማውጣት ስትነሳ፣ ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን ታንብበው።