ሠራተኛው ከመቀጠሩ በፊት



በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568፣ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጥሎበታል። ይሁን እንጂ አንድ ድርጅት ፕሮግራሙን በስብሰባና በመፈክር ጀምሮ ሕንፃውን እንደ ነበረ ቢተወው፣ ውጤቱን መገመት አያዳግትም። አዲሱ ሠራተኛ ከመግቢያው ደረጃ ሥር ይቀራል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ «ሞከርነው፣ አልሆነም» ይባላል። ጥፋቱ የደረጃው ሆኖ ሳለ ስሙ የሚጠፋው የሰውየው ነው፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው አመልካችም በሩ ይዘጋል።

ስለዚህ መሰናዶው ከመለካት ይጀምራል። በተለመደው የ1 ለ12 ስሌት፣ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው መግቢያ 6 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት መወጣጫ ይፈልጋል፤ ቦታው ካልበቃ ሌላ በር መፈለግ ግድ ነው። የአደጋውን ደወል ለማይሰማ ሠራተኛ ብልጭ የሚል መብራት፣ ለዓይነ ስውሩም በሊፍቱ ቁልፎች ላይ ብሬይል ያሻል። የሥራ መዘርዝሩም ይመርመር፤ ቀኑን በወንበር ላይ ለሚውል የሒሳብ ሠራተኛ «ሙሉ አካል ያለው» ብሎ ማስታወቂያ ማውጣት ምን ይረባል? ከሁሉም በላይ ችግሩን የሚያውቁት አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ናቸውና፣ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ሊጠየቁ ይገባል።

ቅጥሩን የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው። የተቀጠረው ሰው ከሥራ ጠረጴዛው መድረስ አለመድረሱ ግን በእኛ ንድፍ ይወሰናል። ከነገ ጀምሮ በምትነድፉት ሕንፃ ሁሉ ይህን እንድታስቡ አደራ እላለሁ።