ኸልዋና ብዕር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



አንዳንድ ወንድሞች «ኢማም ጀመዓውን ትቶ ኪታብ ለመጻፍ ገጠር መቀመጡ እንዴት ይታያል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ዛሬ እንነጋገርበታለን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ከመምጣቱ በፊት በሒራ ዋሻ ብዙ ሌሊቶችን ብቻቸውን ይቆዩ ነበር። ስንቃቸው ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ተመልሰው ሌላ ይይዙ ነበር። በዚያ ጸጥታ የመጣላቸው የመጀመሪያው ቃል «አንብብ» የሚል ነው፤ ብዕርም የተወሳው በዚያው ወሕይ ነው። ልብ እንበል! ቃሉን ከተቀበሉ በኋላ በዋሻው አልቀሩም፤ ወርደው ወደ ሰዎች ሄዱ።

ከዑለማዎቻችን ደግሞ ኢብን ኸልዱንን እናስታውስ። በ1332 እ.ኤ.አ በቱኒስ የተወለዱት እኚህ ዓሊም በፌዝ፣ በግራናዳና በቢጃያ ቤተ መንግሥታት አገልግለዋል፤ ታስረውም ያውቃሉ። በ1375 ከሱልጣኖች ጉዳይ ራሳቸውን አግልለው በዛሬዋ አልጄሪያ፣ ቲያሬት አካባቢ በምትገኘው የኢብን ሰላማ ምሽግ ተቀመጡ። አውላድ ዓሪፍ የተባሉ ጎሳዎች አስጠጓቸው። ቤተሰባቸውም አብሯቸው ነበር። ዝነኛውን «ሙቀዲማ» የጻፉት እዚያ ነው፤ በ779 ዓመተ ሂጅራ፣ በአምስት ወር ውስጥ! ሆኖም ሥራቸውን ለማረምና ለማሟላት በከተማ ብቻ የሚገኙ ኪታቦች አስፈለጓቸው። ስለዚህ በ1378 ወደ ቱኒስ ተመለሱ። ጸጥታው ሥራውን አስጀመራቸው፤ ለማሟላት ግን ወደ ሰው መመለስ ግድ ሆነባቸው።

እኛም በአንድ ወቅት ሦስት ሆነን ለመድረሳ ሕፃናት የፊቅህ መማሪያ ለማዘጋጀት ወሎ ገጠር፣ ከአንድ አሮጌ መስጊድ አጠገብ ባለች የደረሳ ጎጆ ለዐሥራ አምስት ቀን ተቀመጥን። የመኪና ድምፅ የለም። ከፈጅር በኋላ የሚሰማው የደረሶች ቂርኣት ብቻ ነው። ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍንም። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ስንወጣና ስንወርድ ዋልን። ጫጫታውን በኪሳችን ይዘነው እንደመጣን የገባን ያኔ ነው። በአራተኛው ቀን ሞባይሎቻችንን አጥፍተን ላስጠጉን አዛውንት ሰጠንና «ከዒሻ በፊት እንዳይሰጡን» አልናቸው።

አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ ሳለ አዛውንቱ «እስኪ የጻፋችሁትን አሰሙኝ» አሉ። የውዱእን ምዕራፍ አነበብንላቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ሸኾቼ፣ አውፍ በሉኝና ስልሳ ዓመት ውዱእ ሳደርግ ኖሬ ይህን አልተረዳሁትም። የሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ይረዳዋል?» አሉን። አፍረን ተያየን። ለካ የጻፍነው ለመሰሎቻችን ኖሯል። ምዕራፉን ቀደን እንደገና ጀመርን። የልጅ ልጃቸው ሰምቶ ውዱኡን ራሱ አድርጎ እስኪያሳየን ድረስም አለቀ አላልንም።

ወንድሞችና እህቶች፣ የዚህንም ዋጋ አንደብቅም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ ስልካችንን ስንቀበል ከጀመዓችን አንድ አባት ማለፋቸውን ሰማን። ሲደወልልን ውሎ ነበር። ቀብራቸውም ተፈጽሟል። ልጃቸውን ለማጽናናት ስንሄድ «አባቴ በመጨረሻ ሰዓታቸው ስለ እናንተ ጠይቀው ነበር» አለን። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል። ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ችግራቸውን የሚታገስ ሙእሚን ከማይቀላቀለው እንደሚበልጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። ለመጻፍ መገለል ይፈቀዳል፤ ያስፈልጋልም። በየገጠሩ ስንት ሸኽ ዕውቀቱን በደረቱ እንደያዘ ወደ አኼራ ሄደ! ነገር ግን፣ አንደኛ፣ የሚሄደው ሰው ጀመዓውን አማክሮ፣ ምትክ ተክቶ፣ ለሕመምና ለሞት የሚያገኘው ሰው ወክሎ ይሂድ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ተጸጽተናል። ሁለተኛ፣ የመመለሻውን ቀን ቆርጦ ይሂድ። ሦስተኛ፣ የጻፈውን ከማሳተሙ በፊት ለማን እንደጻፈው ያስታውስ፤ ለዚያም ሰው ያሰማው።

ጀመዓውም ድርሻ አለው። ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ከማይቋረጡት ሦስት ነገሮች አንዱም ጠቃሚ ዕውቀት እንደሆነ እናውቃለን። ለአንድ ሸኽ ጸጥ ያለች ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ መብራትና የዐሥራ አምስት ቀን ስንቅ የሰጠ ሰው ከዚያ አጅር ይካፈላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

አላህ ጸጥታችንን የሚጠቅም፣ መመለሳችንን የተባረከ ያድርግልን። ላለፉትም አባታችን ይዘንላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።