ሐኪሙ ሩቅ፣ ምክሩ ቅርብ



ከጉንችሬ ዙሪያ አንድ በሽተኛ ስፔሻሊስት ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ አስታማሚውም ሥራ ይፈታል፤ ለመሳፈሪያና ለአልጋ ጊደር ይሸጣል።

በ1999 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር በመገናኛ መስመር ተያይዞ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ሐኪም ከተማከረ፣ አዲስ አበባ ያለውን በዕለቱ ማማከር አያቅተንም።

ይሁን እንጂ ስልክ ሆድ አይዳስስም። ግፊት የሚለካ፣ ለሐኪሙ በትክክል የሚያስረዳ ባለሙያ ከበሽተኛው ጎን ያስፈልጋል። ምጥ የጠናባት እናት ደግሞ ኢንተርኔት አትጠብቅም፤ ፈጥና ወደ ሕክምና ትወሰድ።

ስለዚህ ዩኒየናችን ከትርፉ ለጤና ጣቢያው የኢንተርኔት ወጪ ይሸፍን፣ ወረዳው ባለሙያ ይመድብ እላለሁ። ለምክር ብቻ ሲባል ጊደራችን ከበረት አትውጣ።