ልጓሙ በማን እጅ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን ስለ ፈረስ ለመናገር ስንነሣ «በመኪናና በአውሮፕላን ዘመን ፈረስን ምን አነሣው?» የሚል ሰው አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን እኛ ለመናገር ያሰብነው ሣር ስለሚግጠው ፈረስ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ሰዎች መንፈስ ውስጥ ስለሚኖረው ፈረስ ጭምር ነው። የሥጋው ፈረስ በብዙ ስፍራ መንገዱን ለመኪና ለቅቋል፤ የመንፈሱ ፈረስ ግን ዛሬም በታሪካችን፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ በሕመማችንም ውስጥ ሳይቀር ይጋልባል።

ነገሩንም በሦስት ከፍለን እንመለከተዋለን። በመጀመሪያ ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ፤ ሁለተኛም ቅዱሱ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲሣል፤ ሦስተኛም ሰው ራሱ ፈረስ ሆኖ ሲጋለብ። በሦስቱም ውስጥ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ልጓሙ በማን እጅ ነው?» የሚል ነው።

በቀድሞ ዘመን የአንድ ጀግና ስም ሦስት ነበር ለማለት ይቻላል። ወላጆቹ ያወጡለት የዓለም ስም፣ ካህኑ የሰየመው የክርስትና ስም፣ በመጨረሻም በጦር ሜዳ የሚጠራበት የፈረሱ ስም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። ከመኳንንቱም ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ይህም ልማድ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በታሪክ የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው። «አባ» ማለት በኦሮምኛ አባት ወይም ባለቤት ማለት ሲሆን፣ በአማርኛውም የፈረስ ስም ላይ ትርጉሙ ከዚሁ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ፈረሰኛው በፈረሱ ስም ሲጠራ የፈረሱ አባት መባሉ ነው።

ስሞቹን ስናስተውላቸው ብዙዎቹ ትእዛዝ ናቸው። ታጠቅ! ጠቅል! ቃኘው! ዳኘው! ጌታው ፈረሱን በጠራ ቁጥር ሊሠራው ያሰበውን ሥራ በአፉ ይናገራል። ታጠቅ ያለው ሰው ለዘመቻ እንዲዘጋጅ፣ ጠቅል ያለው የተበተነውን እንዲሰበስብ፣ ቃኘው ያለው ሳያይ እንዳይሄድ፣ ዳኘው ያለውም ፍርድ እንዲሰጥ ለራሱ ማሳሰቢያ አቁሟል። በዝብዝ የሚለው ስም ደግሞ ወታደሩን ደስ ቢያሰኘውም፣ ጐተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ሲሰማው ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ፈረሱ ያንኑ ፈረስ ሲሆን፣ የሚወስደው ወዴት እንደ ሆነ የሚወስነው የላዩ ሰው ነው።

ወታደሩም ሲፎክር ጌታውን በዓለም ስሙ አይጠራውም ነበር፤ «የአባ ታጠቅ አሽከር!» እያለ በፈረሱ ስም ይምል ነበር እንጂ። ታላቅ ሰው በሞተ ጊዜም ፈረሱ ኮርቻውና ግላሱ ተጭኖለት፣ የጌታው ጋሻና ጦር አብሮት፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቅሶው መካከል ይሳብ ነበር። ባዶው ኮርቻ ከአልቃሹ ቃል ይልቅ የሟቹን መጉደል ያሳይ ነበር።

የእነዚህ ፈረሶች ስም ከባለቤቶቻቸውም ዕድሜ አልፎ ሄዷል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው ሻለቃ» የተባለው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። በአዲስ አበባም ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዐፄ ምኒልክ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ተተከለ። ፋሺስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ይህን ሐውልት ከቦታው አነሣው። ያለ ምክንያት አላደረገውም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ያስታውስበት ነበርና ነው። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመልሶ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

የዓድዋ ፈረሰኞች መታሰቢያ በነሐስና በድንጋይ ብቻ አልቀረም። በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስን በዓል ምክንያት በማድረግ ፈረሶቹን አሸብርቆ ይሰበሰባል፤ ይጋልባል፤ ጉግስም ይጫወታል። አባቶች ለጦርነት ያወጡትን ፈረስ ልጆች ለመታሰቢያና ለደስታ ያወጡታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስ በዓል ነው ብለናልና፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ግድግዳውን እንመልከት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስም በጥቁር ፈረስ ሆኖ ከሓዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ሲጥል ተሥለው እናያለን። ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳኑን እንደ አገራቸው ፈረሰኛ አድርገው ሥለዋቸዋል። በብዙ ሥዕል የቅዱሱ እግር ባዶ ነው፤ የእርካቡን ቀለበት የሚይዘውም በአውራ ጣቱ ብቻ ነው። የአገራችን ፈረሰኛ በእውነት እንደዚህ ይጋልብ ነበርና። በላሊበላም የቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ከተፈለፈለው ዓለት ላይ የጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ዱካ ነው የሚባል ምልክት ለተሳላሚው ይታያል።

በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዘንዶውን የሚወጋው ጦሩን የያዘው ቅዱሱ ነው እንጂ ፈረሱ አይደለም። ፈረሱ ብርቱ ነው፤ ያማረ ሽልማት ለብሷል፤ ግን የሚያደርገው ቅዱሱን ወደ ዘንዶው ማቅረብ ነው። አባቶቻችንም ይህንኑ በምሳሌያቸው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለው ጨርሰውታል።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ፈረስ የሚናገረው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በመጽሐፈ ኢዮብ የፈረስ ጉልበትና አለመፍራት ተደንቋል፤ መዝሙረኛው ግን ሰው በፈረስ ብርታት ተማምኖ እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ሐመር ፈረሶች ሲወጡ፣ ለቀዩ ፈረሰኛ ሰላምን ከምድር እንዲወስድ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ጌታችንም በሆሣዕና ቀን ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ የመረጠው የጦር ፈረስ ሳይሆን አህያ ነበር። እንግዲህ ፈረስ በራሱ ቅዱስም ርኩስም አይደለም፤ ኀይል ነው። ኀይልም የተቀመጠበትን ሰው መልክ ይይዛል።

ሦስተኛው ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው። በጎንደርና በሌላውም የአገራችን ክፍል ዛር ያደረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ ይወርዳል፤ ፈረሱን ይጋልባል፤ በፈረሱ አፍ ይናገራል፤ ሽቱ፣ ልብስ፣ ዶሮ ወይም በግ ይጠይቃል። ባለ ዛሩም ብዙ ጊዜ ጋላቢውን ፈጽሞ አያስወጣውም፤ የጠየቀውን እየሰጠ ስምምነት ያደርጋል እንጂ። ይህን ልማድ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1924 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሰንብቶ አጥንቶ፣ በኋላ መጽሐፍ ጽፎበታል። አነጋገሩም የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሐውሳ ሕዝብ በቦሪ ሥርዓት፣ የሃይቲ ሕዝብም በቩዱ ሥርዓት፣ መንፈስ ያደረበትን ሰው በፈረስ ይመስሉታል። በባሕር ተለያይተው የሚኖሩ ሰዎች አንዱን ሕመም በአንድ ቃል መጥራታቸው የሚያስገርም ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች በዛር አናምንም፤ የተማረም ሰው ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይስቃል። እኛ ግን መሳቅ አይገባም እንላለን። በዛር የሚያዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በቤታቸው ሲያዝዟቸው እንጂ ሲጠይቋቸው ያልኖሩ፣ ሸክማቸውን የሚነግሩበት ያላገኙ እናቶችና እኅቶች አሉባቸው። አንዲት ሴት በራስዋ አፍ «ደክሞኛል፤ አዲስ ቀሚስም እፈልጋለሁ» ብትል የሚሰማት የለም፤ ዛሩ በአፏ ቢናገር ግን ባልዋም ጐረቤቱም ተነሥቶ ይሰማል። «የዛር ፈረስ» የሚለውን ስም ያወጡ ሰዎች የሰውን ጭንቀት ያውቁ ነበር፤ ልጓሙ በሌላ እጅ የሆነ ሰው እንዴት እንደሚኖር በአንድ ቃል ነግረውናልና። የተማረ ሰው በዛር የማያምን ከሆነ ሳቁን ትቶ እነዚህን ሰዎች ቀርቦ ይስማቸው፤ ወደ ሐኪምም ያድርሳቸው። ዛሩ ከመናገሩ በፊት ሴቲቱ ራስዋ ብትደመጥ መልካም ነበር።

ደግሞም ጋላቢው ሁልጊዜ ዛር አይደለም። መጠጥ የሚጋልበው ሰው አለ፤ ገንዘብ የሚጋልበው አለ፤ ጥላቻ የሚጋልበውም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሲሮጥ ላየው ሁሉ ብርቱ ይመስላል፤ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። አንድ ወጣት በሌላው ነገድ ወይም ሃይማኖት ላይ በተነገረው የጥላቻ ቃል ተነሥቶ ድንጋይ ሲያነሣ፣ ኮርቻው በጀርባው ላይ መጫኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ከበላዩ የተቀመጠው ሰው ሌላ ነው፤ ድንጋይ የሚመታው ግን ወጣቱን ነው።

ስለ መንፈሱ ፈረስ ይህን ያህል ካልን፣ የሥጋውንም ፈረስ መርሳት አይገባንም። በመንግሥት የእንስሳት ቆጠራ መሠረት በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረሶች አሉ። ስሙን ለነገሥታት ያበደረው ይህ እንስሳ ዛሬ በብዙ ከተማ ጋሪ እየሳበ ጀርባው ቈስሎ ይታያል፤ ሲያነክስ ወይም ሲያረጅም ከአውራ ጐዳና ዳር ይጣላል። የጋሪው ባለቤት ራሱ ድኻ ስለ ሆነ ሁሉን በእርሱ ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም። ቢሆንም የፈረስ «አባት» መባል አንድ ጊዜ የክብር ስም ነበር፤ ቊስሉን ማጠብ፣ ከሸክሙ ላይ መቀነስ፣ ውኃ ማጠጣት ለድኻም የሚቻል አባትነት ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ወላጆቻችን ከጉሮሯቸው ቀንሰው፣ መምህሮቻችንም ደክመው አንድ ፈረስ አሰናድተውልናል፤ ይኸውም ትምህርት ነው። ይህ ፈረስ ከቢሮም፣ ከሐኪም ቤትም፣ ከፍርድ ቤትም፣ ከእርሻም ያደርሰናል። እዚያ ከደረስን በኋላ ግን ጉቦን እምቢ የሚል፣ ለድኻ የሚፈርድ፣ የታመመን የሚያነሣ ትምህርቱ ራሱ አይደለም፤ ያንን የምናደርገው እኛ ነን። በዝብዝ የሚል ስም ያለው ዲፕሎማ ሊኖር ይችላል፤ ዳኘው የሚል ስም ያለውም ሊኖር ይችላል። ስሙን የምናወጣለት እኛ ስለ ሆንን ከዛሬ ጀምረን እናስብበት።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ እናንተም ተራችሁ ሲደርስ ይህንኑ ጠይቁ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ልጓሙን እስከ ዛሬ ስለ ያዛችሁልን እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ በእጃችን ስትሰጡን በጸሎታችሁ አትለዩን። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን፤ አገራችንንም ይባርክልን።